ያጠብኩት ከበሮ

ዛሬ ቦሌ መድኃኔዓለም ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ የነካው ከበሮ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ አየሁ። የእርጥብ ቆዳ ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ ልቤ ድንግጥ አለ።

በደርግ ጊዜ በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። በሰልፉ ዕለት ማለዳ የነሐሱን ሲምባል ስወለውል የትልቁ ከበሮ ቆዳ ቆሽሾ ታየኝና በሳሙና ፈትጌ አጠብኩት። ሲመታ እንደ ትራስ ድምፁ ታፈነ።

«ይሄማ አሻጥር ነው! ማነው?» ብለው የቀበሌው ሊቀመንበር ጮኹ። በዚያ ቃል ሰው ይታሰር ነበር።

አሠልጣኛችን ጋሽ ተሰማ፣ የቀድሞ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ፣ ቆዳውን ዳሰሱና ጣታቸውን አሸተቱ። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ጤዛ ነክቶት ነው» አሉ። «የሚጮኸው ቆዳው አይደለም፤ ውጥረቱ ነው። ውሃ ያላላውን ፀሐይ ይወጥረዋል።»

ከበሮውን ፀሐይ ላይ አውጥተው፣ በየመሀሉ በጣታቸው መታ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጉ ነበር። ሰልፉ ሊነሳ ሲል «ድም!» አለ። እኔም ያኔ ተነፈስኩ።

ስለ ሳሙናው አንድም ቀን አላነሱብኝም።

ዛሬ ዲያቆኑን አስፈቅጄ ከበሮውን በጣቴ መታ አደረግኩና ጆሮዬን አስጠጋሁ። ገና ነው፤ ትንሽ ፀሐይ ይፈልጋል።