ሱአድ ከካሜራው ፊት ስትወጣ

ረቡዕ ጠዋት ነው። አሶሳ ያለችውን ትንሿን ስቱዲዮዬን ከፍቼ፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ስጠብቅ፣ ሰማያዊ ቶብ ከራስ እስከ እግር የተከናነቡ ሴትዮ በሩ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን አውቀዋለሁ... የት እንዳየኋቸው ግን አልመጣልኝም።

«የመዲና ሰርግ የቀረጽከው አንተ ነህ?» አሉኝ።

ሴት ነኝ። እሳቸው ግን አፋቸውን የፈቱት በበርታ ቋንቋ ነው፣ አማርኛውን የለመዱት ገበያ ላይ። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ»፣ «እሱ» ነው የሚሉት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ይግቡ እናቴ።»

«ልጄ እዚያ ውስጥ አለ። ሱአድ። እሱን ማየት ፈልጌ ነው።»

አሁን አስታወስኳቸው። እማማ ሃሊማ ናቸው፣ የሙሽራዋ የመዲና አክስት። ልጃቸው ሱአድ ክረምት ላይ በወባ ሞታለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ያኔ ስሰማ «አይ...» ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አሁንም እናቷ ፊቴ ቆመው ያው ነኝ። ምንም። ወንበር ሰጠኋቸውና ፋይሉን መፈለግ ጀመርኩ።

ስለ ሥራዬ ትንሽ ልንገራችሁ። እዚህ በሙስሊም ሰርግ የሴቶቹን ድንኳን ሴት እንድትቀርጽ ስለሚፈለግ ብዙ ጊዜ የምጠራው እኔ ነኝ። ካሜራዬ አይቆምም። ስሄድ ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያደርግ መያዣ አለኝ፣ በእሱ ሙሽራዋን ከኋላዋ ስከተላት ቪዲዮውን የሚያይ ሰው አብሯት ድንኳን የገባ ይመስለዋል። ቀስ እያልኩ ወደ ፊቷ ስጠጋ ደግሞ፣ ምንም ባትናገር፣ የሰው ሆድ ይባባል። ይሄን እያወቅኩ ነው የማደርገው። እንግዶቹን ግን በአንድ ዙር ነው የምጨርሳቸው። ከግራ ወደ ቀኝ ዞር፣ አለቀ። ድንኳኑ ጢም ያለ ይመስላል፣ ሁሉም «ቪዲዮው ውስጥ አለሁ» ይላል።

ሱአድ የነበረችው እዚያ ዙር ውስጥ ነው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ከግራ ትመጣለች፣ ካሜራውን ታየዋለች፣ ፈገግ ማለት ስትጀምር... ካሜራዬ አልፏታል።

«መልሰው» አሉ።

መለስኩት። እንደገና መለስኩት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም።

«አንተ ለምን ሄድክ?»

«እንግዳው ብዙ ነበር እናቴ።»

«ሊስቅ ነበር እኮ።»

ፍጥነቱን ቀነስኩት። ሲዘገይ ፈገግታው ሌላ ነገር ሆነ፣ የሆነ ቦታ ያመማት መሰለች። «እንዲህ አይስቅም» አሉ። አቆምኩት። «ይሄ ፎቶ ነው። ፎቶ አለኝ፣ የመታወቂያ።» አጎላሁት። ፊቷ ፈርሶ የተደረደረ ጡብ መሰለ።

እማማ ሃሊማ ድምፃቸው አልተለወጠም። አላለቀሱም። እኔም አላለቀስኩም። በር ላይ ሆኖ ያየን ሰው ቢኖር የጠፋ ሰነድ የምንፈልግ ይመስለው ነበር።

በመጨረሻ ያልተቆረጡትን ቅጂዎች ከፈትኩ። አንዱ ፋይል ላይ «አይጠቅምም» ብዬ ጽፌበታለሁ። ምሳ ሲቀርብ ካሜራውን ወንበር ላይ አስቀምጬ ልበላ ሄጄ፣ ማጥፋቱን ረስቼው ነው። ምስሉ ትንሽ ተንጋዷል። የድንኳኑ መግቢያና አንድ ምንጣፍ ነው የሚታየው።

ምንጣፉ ላይ ሱአድ ተቀምጣለች።

ትበላለች። ገንፎውን በባሚያ ወጥ እየነከረች፣ ጣቷን እየላሰች። ቶቧ ከራሷ ላይ ይንሸራተታል፣ ትመልሰዋለች። ታዛጋለች። ቁርጭምጭሚቷን ታካለች። አጠገቧ ያለችው ልጅ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ትላትና ትስቃለች... ሙሉ ሳቅ፣ ጀምራ እስክትጨርሰው።

እማማ ሃሊማ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያያሉ። እኔም አየሁ። ካሜራው የትም አይሄድም፤ ይሄን እይ፣ ያንን ተወው፣ እዚህ ጋ እዘን የሚል የለም። ስንት ዓመት ስቀርጽ ሰው ሲቀመጥ እንዲህ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ሱአድ ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈችና በመግቢያው ወጣች።

ምንጣፉና ሳህኑ ብቻ ቀሩ።

«አትከተለውም?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ።

«እኔ አልነበርኩም እናቴ። ካሜራው ብቻውን ነበር።»

ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ክንዴን ያዙኝ። «ተወው።»

ባዶውን ምንጣፍ እያየን ተቀመጥን። ደቂቃዎች ናቸው። አንድ ጊዜ ዶሮ ገብታ ወጣች። ከዚያ ከውጭ የሴት ድምፅ ተሰማ፣ በበርታ። እማማ ሃሊማ ወደ ስፒከሩ ጎንበስ አሉ።

«እሷ ናት? ምን አለች?»

«ጫማዬን ማን ወሰደው ይላል» አሉ። «ሁልጊዜ ጫማ ይጠፋበታል።»

ፋይሉን በፍላሽ ገለበጥኩላቸው። ከወጣች በኋላ ያለውን ባዶውን ልቁረጠው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አትቁረጥ» አሉ። ፍላሹን በቶባቸው ጫፍ ቋጥረው ወደ ገበያው ሄዱ።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። ምሳዬን በላሁ። ውስጤ ተነካ ብል ውሸት ነው፣ ምንም አልተሰማኝም። ከሰዓት በኋላ ግን የጀመርኩትን ትቼ እናቴን ከድሮ ቅጂዎቼ ውስጥ መፈለግ ጀመርኩ። እናቴ ደህና ናት፣ ባምባሲ ነው ያለችው፣ ማክሰኞ ደውላልኝ ነበር። እኔ በቀረጽኳቸው የዘመድ ሰርጎች ውስጥ አራት ቦታ አገኘኋት።

አራቱም ላይ እያለፍኳት ነው።