የባሕር ውኃ በንፋስ መውጫ

በንፋስ መውጫ ስቲንግሬይ ያኖረ ሰው ከእኔ በቀር የለም። ስቲንግሬይ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው፤ የእኔው ስፋቱ ከሳህን አይበልጥም፣ ጅራቱ ላይ ግን መርዛም እሾህ አለው። በጅቡቲ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳው ልጄ ሲያመጣልኝ ገንዳው ተሠርቶ አልቆ ይጠብቀው ነበር። መስታወቱን የገጠምኩት እኔ፣ ማጣሪያውን ከባልዲ የሠራሁት እኔ፤ ያውም የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ። የጨው መለኪያውን እንኳ ከእስክሪብቶ ቀፎ ነው የሠራሁት። ታች ምስማር ከትቼ በሰም ደፈንኩት፤ ልጄ በጄሪካን ባመጣው የባሕር ውኃ ላይ ተንሳፍፎ የቆመበትን ልክ በምላጭ ጫርኩ።

በየካቲት ነፋሱ ሲበረታ ገንዳው ቶሎ ቶሎ ይጎድል ጀመር። የጎደለውን በጨው ውኃ እሞላለሁ፤ ከማፍሰሴ በፊት ጄሪካኑን በመለኪያዬ እፈትሻለሁ። አንድም ቀን አልሳትኩም።

ዓሣው መብላት ተወ። አንድ ማለዳ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቆዳ ወደ ላይ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እንዲህ የሆነ ስቲንግሬይ እምብዛም እንደማይተርፍ ስልኬ ላይ በቪዲዮ አይቼ ነበር። ማሞቂያውን ዳሰስኩ፣ ይሠራል። ፓምፑን አዳመጥኩ፣ ይሠራል።

ጎረቤቴ ቄሱ ብቅ ብለው፣ «ቅርፊት የለው፣ ለሰው አይበላ፤ ምን ያስጨንቅዎታል?» አሉኝ።

ባለቤቴ ሽሮ እያማሰለች፣ «አንቱ፣ የሚተነው ውኃው ነው። ጨውም አብሮ ይተናል እንዴ?» አለችኝ።

«ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባሕር ያወቅሽው?»

«ባሕርስ አላውቅም፣ ድስት አውቃለሁ። ይሄ ሽሮ ቢወፍርብኝ ውኃ ነው የምጨምረው ወይስ ጨው?»

መለኪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ገንዳው ውስጥ ጣልኩት። ጭረቱ ከውኃው በላይ አንድ ጣት ሙሉ ወጥቶ ቆመ፤ ጨው የበዛበት ውኃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ስሞላ የኖርኩት ጨው ሁሉ እዚያው ተከማችቷል።

ውኃውን በአንዴ ባቀጥነው ድንገተኛው ለውጥ ዓሣውን ይገድለዋል። ስለዚህ ከገንዳው በጣሳ እየቀዳሁ፣ ለብ ያለ የምንጭ ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ቱቦውን በክር አንቃ ጠብታውን የመጠነችው ባለቤቴ ናት። ሁለት ቀን ተፈራረቅን። በመጀመሪያው ቀን ትንፋሹ ጭራሽ ፈጠነ፤ «ገደልነው» አልኳት። «ዝም ብለው ይቅዱ» አለችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠርዙ ተዘረጋ። ባለቤቴ የዓሣ ሥጋ ቁራጭ ጣለችለት። ለረጅም ጊዜ አልተነቃነቀም። ከዚያ ተንሸራቶ ላዩ ላይ ተኛበት፤ ሲነሣ አሸዋው ባዶ ነበር።

«በላ» አለች።

አፌን ሞልቶ የመጣውን ጉራ ዋጥኩና፣ «ሌላም ጣይለት» አልኳት።