ፊኛ እየላጨሁ የተማርኩት ሙያ

ቡራዩ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለች ባለ ሦስት ወንበር ፀጉር ቤት ሥራ የጀመርኩት ሰኞ ቀን ነው። በሩ ላይ «የፀጉር ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ወንድ ይሁን ሴት አይልም። ይህንን አንብቤ ገባሁ።

ባለቤቱ ኦቦ ቶሎሳ ጋዜጣ እያነበቡ ነበር። ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።

«የሴቶቹ ቀጥሎ ያለው በር ነው» አሉኝ።

«ሥራ ፈልጌ ነው።»

«ምን ትችያለሽ?»

«ሹሩባ፣ ካስክ፣ ፒያስትራ፣ ቀለም። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ።»

«እዚህ ሹሩባ የሚሠራ ወንድ አይመጣም።»

«እማራለሁ» አልኩ። ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። አዲስ አበባ እሠራበት የነበረው የሴቶች ፀጉር ቤትና ከእናቴ ጋር የምንኖርበት ቤት በአንድ ሳምንት ፈርሰው ነበር። ሰፈሩ ለልማት ይፈለጋል ተባለ። አንዱ ፕላን እኛን ከከተማ አንስቶ ቡራዩ ኪራይ ቤት ጣለን። ቡራዩ ስንደርስ ደግሞ ማስተር ፕላን የሚባል ሌላ ፕላን የቡራዩን ገበሬ ሊያነሳ ነው እየተባለ ነበር። አከራያችን ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ አብረን ነው የምንነሳው፤ ዕቃሽን ብዙ አትፍቺ» አሉኝ።

ኦቦ ቶሎሳ ጋዜጣቸውን አጠፉና «ስምሽ ማነው?» አሉ። «ትርሲት» አልኳቸው። «ትርሲት፣ መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው» አሉኝ። መቀጠሬን ያወቅኩት በዚህ ነው።

ቤቱ ውስጥ ማዕረግ የሚታወቀው በወንበር ነበር። መስኮቱ አጠገብ ያለው፣ ከፍና ዝቅ የሚለው የቆዳ ወንበር የኦቦ ቶሎሳ ነው። እዚያ የሚሠራው በሚታጠፍ ምላጭ ብቻ ነው። መሐል ያለው የሚኪ ነው። ሚኪ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው፤ የወጣቶቹን ቁርጥ በማሽን ይሠራል። ሦስተኛው የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ እሱ ለእኔ ተሰጠ። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞች ስለሚቀመጡበት ግን ለመጀመሪያው ወር ማዕረጌ ቆሞ ማየት ሆነ።

ኦቦ ቶሎሳ ሙያውን የተማሩት በድሮው ጦር ሠራዊት መኮንኖችን ሲላጩ ነው። «ከሻምበል በታች ላጭቼ አላውቅም» ይሉ ነበር። እኔ በደረስኩበት ጊዜ ግን ሻምበሎቹ አልቀው፣ የከብት ነጋዴውንም፣ ሙሽራውንም፣ የቀበሌ ሹሙንም ይላጩ ነበር።

የመጀመሪያው ትምህርት ምላጭ መሳል ነው። ድንጋዩ ላይ ስለቱ ይቀድማል፤ የቆዳ ጠፍሩ ላይ ጀርባው ይቀድማል። ይህን ገልብጬ ከአንድም ሁለት ጊዜ ጠፍራቸውን ቆርጬባቸዋለሁ። አይቆጡም። «ሱታ፣ ትርሲት፣ ሱታ» ይላሉ፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። ቀጥሎ ሳሙና መምታት ተማርኩ፤ አረፋው ብሩሹ ላይ ቆሞ መቅረት አለበት፣ ከወረደ ውኃ በዝቶበታል። ከዚያ ትኩስ ፎጣ መጭመቅ። ከዚያ የፂምን አበቃቀል በጣት መዳሰስ።

አንድ የከብት ነጋዴ አረፋ ስቀባው ዓይኑን በመስታወቱ ከእጄ ላይ አላነሳም።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ ይቺ ሴትዮ ምላጩን ትነካለች?»

«ሳሙናውን ብቻ።»

«እንግዲያው እሺ። ሚስቴ ሃያ ዓመት ሥጋ ስትከትፍልኝ ኖራለች፤ እሷም ቢሆን ቢላ ይዛ ከኋላዬ ስታልፍ ዞር እላለሁ።»

ሰው ሁሉ እንደዚህ ስለሆነ የምለማመድበት ጉንጭ ጠፋ። ሚኪ እንኳን «ትርሲት፣ እወድሻለሁ፤ አንገቴን ግን የበለጠ እወደዋለሁ» አለኝ። ያን ጊዜ ኦቦ ቶሎሳ ፊኛ ግዢ አሉኝ። ፊኛ ተነፍቶ አረፋ ይቀባል፤ ተማሪው አረፋውን ፊኛው ሳይፈነዳ በምላጭ ይጠርጋል። በሠራዊቱም እንዲህ ነበር አሉ፤ ፊኛ ሲጠፋ ግን በምን ይለማመዱ እንደነበር ሊነግሩኝ አልፈለጉም።

ሚኪ ፊኛዎቹ ላይ በማርከር ፊት ይስልልኝ ነበር። መነጽርና ቀጭን ሪዝ ይጨምርበታል። «ቆዳ መወጠር የምትማሪው ከባድ አገጭ ላይ ነው» ብሎ አገጩን ድርብ ያደርገዋል። የመጀመሪያው ፊኛ አገጩ ላይ ስደርስ ፈነዳ። ሁለተኛው ጆሮው ሥር ፈነዳ። አረፋው መስታወቱ ላይ፣ ጣሪያው ላይ፣ አንዴም የአንድ ቄስ ጥምጣም ላይ አርፏል። ሁለት ወር ሙሉ አንድም ፊኛ በደህና ላጭቼ አልጨረስኩም።

በዚህ መሐል የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ተነሳ። ተማሪዎች ወጡ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ወደ አስኮ የሚሄደው ሚኒባስ ቀረ። በእነዚያ ሳምንታት እውነተኛ ጥይት ነበረ፣ የሞተም ሰው ነበረ፤ ስለዚያ እየቀለድኩ እንዳይመስላችሁ። በየቤቱ የታሠረ ልጅ ያለው ሰው ነበር። ቴሌቪዥኑ ግን ሁሉም ነገር ሰላም ነው ይል ስለነበር፣ ሰው ቴሌቪዥኑን እያዳመጠ በመስኮት ውጭውን ያይ ነበር።

አንድ ጠዋት መንገዱ ፀጥ ብሏል። ሱቆች በራቸውን ግማሽ ከፍተዋል። ደንበኛ ስለሌለ ፊኛዬን ይዤ ተቀመጥኩ። አረፋ ቀባሁ፣ ከጆሮው ጀመርኩ፣ ጉንጩን ጨረስኩ፣ ደስ አለኝና ቸኮልኩ። አገጩ ላይ፣ ጧ!

ቀና ስል ውጭ ሰው አልነበረም። የብረት በሮች ተራ በተራ ወረዱ። አንድ ባጃጅ ሞተሩ እንደተነሳ ባለቤቱን አጥቶ መሐል መንገድ ቆሟል። ማዶ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ አይሱዙ ሥር ገብቶ ኮፍያው ብቻ ይታያል። በሩ ላይ ቆሜ «ፊኛ ነው! ፊኛ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከተዘጋ ሱቅ ውስጥ አንድ ድምፅ «እነሱማ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚሉት» አለኝ።

ከምሳ በፊት የሰበታዋ አክስቴ ደወለችና ቡራዩ ፀጉር ቤት ውስጥ ሰው ተመታ መባሉን ነገረችኝ። «እኔ እኮ ነኝ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ያለሁት» ብላት «አንቺ አልሰማሽም ይሆናል» አለች። ከሰዓት በኋላ የሚኪ ወንድም ከሱሉልታ ደወለ። እሱ ዘንድ ሲደርስ ነገሩ ከባድ መሣሪያ ሆኗል።

አሥር ሰዓት ላይ የቀበሌው የፀጥታ ኃላፊ አቶ ደረሰ ሁለት ሚሊሻ አስከትለው መጡ። ወፍራም፣ መነጽር ያደረጉ፣ ቀጭን ሪዝ ያላቸው ሰው ናቸው።

«የተኮሰው ማነው?»

«ፊኛ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያፈነዳሁት።»

የፊኛውን ቀይ ቁርጥራጭ ከወለሉ ለቅመው ፖስታ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ምስማር ላይ ወደተንጠለጠለው ሌላ ፊኛ ሄደ፤ ሚኪ ፊት ስሎበት ተራውን የሚጠብቅ ነው። አንደኛው ሚሊሻ ፊኛውን አየ፣ አቶ ደረሰን አየ፣ እንደገና ፊኛውን አየና አንገቱን ደፋ።

«ይህ ማነው?»

«ማንም አይደለም» አለ ሚኪ። «ፊት ነው።»

«መነጽር አለው።»

«ኦቦ ቶሎሳም መነጽር አላቸው።»

«አገጩስ?»

አቶ ደረሰ «የመንግሥት አካል ምስል ላይ ስለት ማንሳት» ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። በሩ ታሸገ። ፈቃዱ በስማቸው ስለሆነ ኦቦ ቶሎሳ ለሁለት ሰዓት ጥያቄ ይፈለጋሉ ተባለ። ካፖርታቸውን ለበሱና ወጡ። ከኋላቸው ሚሊሻው ማስረጃውን በክሩ ይዞ ይራመዳል። ሰው ሁሉ በየበሩ ቀዳዳ ያየው ነበር፤ ፊኛው ከነመነጽሩ አልፎ እስኪርቅ ማንም አልሳቀም።

ሁለት ሰዓቱ አምስት ቀን ሆነ። ጠዋት ጠዋት ምግብ ይዤ እሄዳለሁ። «ጉዳዩ እየተጣራ ነው» ይሉኛል፤ ሳህኑን ይቀበሉኛል። እሳቸውን አላየሁም። ሰባ ዓመት የደረሱ ሰው ሲሚንቶ ላይ የሚተኙት እኔ አገጭ ላይ ስለቸኮልኩ እንደሆነ እያሰብኩ እመለሳለሁ። በአምስተኛው ቀን ለሚኪ «እዚያው ሄጄ ፊኛ ላጭቼ አሳያቸዋለሁ» አልኩት።

«ምላጭ ይዘሽ ፀጥታ ቢሮ ልትገቢ?»

«ሌላ በምን ይታመናል?»

«ትርሲት፣ እኔ ልጆች አሉኝ» አለ። ፊኛው ላይ ፊቱን የሳለው እሱ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። ፊኛዎቹን ግን ነፍቶ ሰጠኝ፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልሳለባቸውም።

በሩ ላይ ምላጩን ወሰዱብኝ። ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ ሚሊሻ በሁለት ጣቱ ይዞት አብሮኝ ገባ። ጉዳዩን የሚያጣራው ኮሚቴ አራት ሰው ነው። አቶ ደረሰ መሐል ተቀምጠዋል። ሳሙናውን መታሁ፣ ፊኛውን ቀባሁ፣ ምላጩን ተቀበልኩ። ከጆሮው ጀመርኩ። ጉንጩን አለፍኩ። አገጩን አለፍኩ። ጨረስኩ። ፊኛው ንጹሕ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ።

ሁለት ወር ሙሉ ስመኘው የነበረ ነገር ነው። ማልቀስ ዳዳኝ።

«አልፈነዳም» አለ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው።

ሁለተኛውን ላጨሁ። እሱም አልፈነዳም። እጄ ሥራውን ተምሯል፤ ያውም በማይሆን ቀን።

«እንግዲያው ፊኛ ሲላጭ እንደማይፈነዳ ተረጋግጧል» አሉ አቶ ደረሰ።

«ጌታዬ፣ ልወጋው እችላለሁ።»

«መውጋት አይቻልም! በራሱ ጊዜ ነው መፈንዳት ያለበት።»

ሦስተኛውንም ላጭቼ ሳስቀምጥ ትዕግሥታቸው አለቀ። «አምጪ ወዲህ! እኔ ልሞክረው» ብለው ተነሱ። አንድ ፊኛ ቀርቶ ነበር። አረፋ ሳይቀቡ፣ ሳይወጥሩ፣ ምላጩን እንደ ማረሻ አቁመው ከታች ወደ ላይ ገፉት።

ጧ!

ኮሚቴው በሙሉ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ውጭ ያለው ዘብ ጮኸ፤ መሣሪያ ሲቀባበል ሰማሁ። ከመንገዱ የብረት በሮች ሲወርዱ ይሰማል። አቶ ደረሰ ከጠረጴዛው ሥር ሆነው «እንዳትተኩሱ! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ!» ይላሉ።

ቆሜ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ድምፁን ለምጄዋለሁ።

ቀስ በቀስ ወጡ። ፀሐፊው እስክሪብቶውን ፈልጎ አገኘና «ይህንንስ እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አለ። አቶ ደረሰ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ጉዳዩ ተጣርቷል ብለህ ጻፍ» አሉ።

ኦቦ ቶሎሳ በዚያው ሰዓት ተለቀቁ። ይቅርታ ያላቸው የለም። ፀጉር ቤቱ ከእንግዲህ ድምፅ የሚያሰማ የሥልጠና መሣሪያ እንደማይጠቀም አስፈረሟቸው። እሽጉን ሚሊሻው ራሱ ቀደደው።

ገብተው የቆዳ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። የአምስት ቀን ፂማቸው ነጭና ሸካራ ነበር። ጉንጫቸው ገብቷል። በመስታወቱ ራሳቸውን አይተው «ላጪኝ» አሉኝ።

«ሰው ላጭቼ አላውቅም እኮ።»

«እኔም ታስሬ አላውቅም ነበር። ላጪኝ።»

ፎጣውን አሞቅሁ። አረፋውን ሁለት ጊዜ ቀባሁ። ግራ እጄ ቆዳቸውን ወጠረ፣ ቀኙ ምላጩን አስተኛው። የሰው ቆዳ እንደ ፊኛ አይደለም፤ ይሞቃል፣ ከሥሩ ይመታል። ጉሮሯቸው ላይ ስደርስ መናገር ጀመሩ። ምላጩን አነሳሁ።

የታሠሩበት ክፍል በተቃውሞው በተያዙ ልጆች የተሞላ ነበር አሉ። ለብዙዎቹ የመጀመሪያ ፀጉራቸውን የቆረጡላቸው እሳቸው ናቸው። «ኦቦ ቶሎሳ፣ እርስዎ በምን ገቡ?» ብለው ጠየቋቸው። «በፊኛ» አሏቸው። አንደኛው ልጅ ዓይኑ አብጦ ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ጎኑን ይዞ ሳቀ። ሲስቅ ያመዋል፣ ሲያመው ይስቃል። ዝም ሲሉ ምላጩን አወረድኩ። ሲናገሩ አነሳሁ። በአሥር ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አልቆረጥኳቸውም።

በኋላ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። የታሠሩት ልጆች ግን ሁሉም አብረው አልወጡም።

አሁን መስኮቱ አጠገብ ያለው፣ ኦቦ ቶሎሳ የለቀቁልኝ ወንበር የእኔ ነው፤ ሊማሩ የሚመጡ ሴቶችም ወንዶችም አሉ። የምነግራቸው ሦስት ነገር ነው። ቆዳውን ወጥሩ። አገጭ ላይ አትቸኩሉ። የምትላጩት ሰው መናገር ከጀመረ ምላጩን አንስታችሁ እስኪጨርስ ጠብቁ።