ድምፅ የሌላት መኪና

መኪና ልገዛ ስነሳ በነዳጅም በባትሪም የሚሄዱ ሁለት ሃይብሪዶች ቀረቡልኝ። አንዷ ዓለም ገና ከተማ በአጥር የምዋሰናቸው ሽማግሌ፣ የኦቦ ቱሉ ናት። የድሮ ሞዴል ስለሆነችና ባትሪዋም ስለደከመ፣ ገና ከግቢ ሳትወጣ ሞተሯ ያጓራል። ሌላዋ ቡራዩ ያየኋት አዲሱ ሞዴል ስትሆን፣ በባትሪ ስትሄድ ትንፋሿ እንኳ አይሰማም።

"የአንቱ መኪና እኮ ወፍጮ ቤት ነው የምትመስለው" አልኳቸው ኦቦ ቱሉን። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው! እሳቸው ግን ስቀው አለፉኝ።

አዲሷን ገዛሁ። የምርቃቷ ቀን ኦቦ ቱሉ ቂም ሳይዙ፣ ከራሳቸው ግቢ ያሳደጉትን በግ እየጎተቱ መጡ።

"ደም ሳይፈስላት መንገድ እንዳትወጣ" አሉኝ።

እንግዳው ሲበዛ ለድንኳን ቦታ ልልቀቅ ብዬ መኪናዋን ወደ ኋላ ነዳኋት። በጉ ከኋላዋ፣ ጥላዋ ውስጥ ተኝቷል። እኔ አላየሁትም፤ እሱም አልሰማኝም። ስወርድ ነገሩ አልቆ ነበር። ሳይባረክ የሞተ አይበላም፤ አራጁ ቢላዋውን ጠቅልሎ ሄደ።

ይቅርታ ልጠይቅ አንገቴን ደፍቼ ጠጋ አልኩ። ኦቦ ቱሉ ቁጢጥ ብለው የበጉን ጆሮ እየዳበሱ፣

"የእኔዋን ድምፅ ያውቀው ነበር" አሉኝ፤ "ገና ሞተሯ ሲነሳ ብድግ ይላል።"