በአንድ ዓይን የተሣሉት

ከፍልሰታ ቅዳሴ ወጥቼ ጠበል ለመጠጣት ተራ ስጠብቅ ስልኬ ጠራ። ከትውልድ ከተማዬ ከኮኪት እህቴ ናት።

«የእትዬ ዘውዴ ቤት በዝናብ ተናደ።»

«ሁሉም?»

«የለም፤ የምሥራቁ ግድግዳ ብቻ። ጭቃ ሆኗል።»

እዚህ አርባ ምንጭ ፀሐይ ነበር። ጠበሉን ሳልጠጣ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

እትዬ ዘውዴ ሠዓሊም ጸሐፊም ነበሩ። ካረፉ ወዲህ የከተማው ሰው ቤታቸውን አጥሮ፣ ደብተሮቻቸውን መስታወት ባለው ቁም ሣጥን አኑሮ፣ በቅርስነት ይጠብቀዋል። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ ስላለው ባዶ ቦታ እንግዳ ሲጠይቅ «ሳይጨርሱት ሞት ቀደማቸው» ይባላል። እውነቱን እያወቅሁ ዝም ያልሁ እኔ ነኝ።

አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ሰሊጥ ሲደርስ ደገኛው በጭነት መኪና እየተጫነ ወደ እኛ ቆላ ይወርዳል፤ መንገዱ አቧራ ብቻ ይሆናል። ሠራተኞቹ የሚጠራሩት በአገራቸው ነው፤ ጎጃሜው፣ ወሎዬው፣ ጋይንቴው። የክርስትና ስምማ መተት ይሠራበታል ተብሎ ስለሚፈራ ይደበቃል። ወባ አንዱን ሲጥለው ታዲያ ካህኑ ለፍትሐት ስሙን ይጠይቃሉ፤ የሚያውቅ የለም።

ይህ እትዬ ዘውዴን ከነከናቸው። እርሻው ድረስ እየሄዱ፣ ሰዎቹ አጎንብሰው ሲያጭዱ ከጎን እያዩ፣ መልካቸውን በቤታቸው የምሥራቅ ግድግዳ ላይ በከሰል ሣሉ። ከዚያ ወደ ቤት ጠርተው፣ ከርከዴ አፍልተው እያጠጡ፣ የክርስትና ስማቸውን ከሥሩ ጻፉ። በዚያ ዓመት ሰባት ነበሩ።

«እትዬ፣ ገና ሳልሞት ለፍትሐት አሰናዱኝ?» አላቸው ጋይንቴው እየሳቀ።

«አትቀልድ፤ ስምህን ንገረኝ።»

«መጀመሪያ አፍንጫዬን ያሳጥሩልኝ! እናቴ እንኳ አታውቀኝም።»

ስሙን ግን ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ነገራቸው።

ኅዳር ላይ እትዬ ወደ ሸሕዲ ገበያ ሲሄዱ ክረምቱ የበላውን የግድግዳ ሥር እንድመርግ አዘዙኝ። ጭቃና ጭድ አቦካሁ። ቀና ስል ሰባቱ ፊቶች ታዩኝ፤ ሁሉም በጎን፣ ሁሉም ባለ አንድ ዓይን። በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ እንዲያ የሚሣለው ይሁዳና ሰይጣን ነው። ከእነዚያ ፊቶች ሥር «ገብረ» እና «ወልደ» የሚል የተቀደሰ ስም ሳይ፣ ገና ሙሉውን ሳላነብ ዘገነነኝ። ስሞቹን ያዳንሁ መስሎኝ፣ አማትቤ፣ ሁሉንም መረግኋቸው።

በማግሥቱ እትዬ እንደተመለሱ ጋይንቴው በወባ ሞቶ በቃሬዛ መጣ።

«አይዟችሁ፣ ስሙ ከእኔ ዘንድ አለ» ብለው ገቡ። የሰሙትን ስም በቃላቸው አይዙም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያምኑት።

«ማን መረገው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ክፉ ሰዎች መስለውኝ።»

ቢላ አንስተው ጥጉን ፋቅ አደረጉት። ከሰሉ ከጭቃው ጋር ተልጦ ወጣ። እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ተይው» አሉኝ፤ «ከሥሩ ይቆይ።»

ካህኑ «ስሙን አንተ የምታውቀው» ብለው ፈቱት። ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

አንድ ቀን እጀ ለስላሳ ባለሙያ መጥቶ ጭቃውን ቀስ ብሎ ያነሣዋል፣ ስሞቹም ይወጣሉ እያልሁ በዚህ ተስፋ ኖርሁ። ዝም ያልሁትም በዚሁ ተስፋ ነው። አሁን ያም ፈረሰ።

በዚያ ዓመት ኮኪት ሰሊጥ ያጨዳችሁ፣ ከእትዬ ዘውዴ ደጃፍ ከርከዴ የጠጣችሁ፦ ጋይንቴው በጨዋታ መሐል የክርስትና ስሙ አምልጦት እንደሆነና ካስታወሳችሁት፣ ለእኔ አትንገሩ። በስሙ ፍትሐት እንዲያደርስለት በአቅራቢያችሁ ላለ ቄስ ንገሩልኝ። አፍንጫው ረዘም ያለ ነበር፤ ሳቂታ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም።