በአፍሪዳር የተሳለች የጀርመን መንደር

ጠዋት ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር ከግቫት ጺዮን ወደ አፍሪዳር ሰፈር የምወርደው ዘጠናን ያለፉ፣ ጀርመን አገር የተወለዱ አሮጊት ለመንከባከብ ነው። የምናወራው በዕብራይስጥ ስለሆነ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ነው የምላቸው። ዓይናቸው ደክሟል። የልጅነት መንደራቸውን ግን እኔ ጎንደር ያለውን ቀዬዬን ከማውቀው አጥርተው ያውቋታል። ትንሽ ወንዝ፣ የድንጋይ ድልድይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ተዳፋት ላይ ወይን፣ ከወይኑ በላይ ጫካ። ወፍጮው ቤተ ክርስቲያኑን በዕድሜ እንደሚበልጥ፣ መንደሯ በየትኛው ጦርነት ተቃጥላ እንደገና እንደተሠራች፣ ገላቸውን አጥቤ እስክጨርስ ይነግሩኛል። የትናንት ምሳዬን የማላስታውሰው እኔ እንዴት አልቅናባቸው!

ባለፈው ክረምት ከመንደሯ ማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ። የመንደሯን ታሪክ ሊያሳትሙ ነው። መዝገቡ ስለተቃጠለ እንደ እሳቸው ቤተሰብ ያሉት አይሁዶች የት የት ይኖሩ እንደነበር የሚያውቅ ከእሳቸው በቀር የለም፤ ካልመለሱ መጽሐፉ ያለ እነሱ ይወጣል። እሳቸው በልጅነታቸው ብቻቸውን ወጥተው ተርፈዋል። እናት አባታቸውና ወንድማቸው ግን ከዚያው ተወስደው አልተመለሱም።

«አልመልስም» አሉ። «ሊወስዷቸው ሲመጡ ቤታችን የት እንደሆነ መቼ ጠየቁ?»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እኔ ግን እነዚያ ሰዎች ሁለተኛ ሊጠፉ ነው ብዬ ተናደድኩ። በማግስቱ የልጄን የሥዕል ወረቀት ይዤ ሄድኩና አጠገባቸው ተቀምጬ፣ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ መንደሯን መሳል ጀመርኩ።

«ወንዙ ይኸው። የእናንተ ቤቶች ደግሞ ወንዙ ዳር፣ ከሌላው ሰው ለብቻ።»

በእኛ በጎንደር አይሁዶች ዘንድ እንዲያ ነበራ። ለመንጻት ስንል ውሃ ዳር፣ ከጎረቤት ራቅ ብለን ነበር የምንኖረው። ሌላ ዓይነት የአይሁድ መንደር አላሰብኩም።

«ማ ፒትኦም!» ብለው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት፤ ምን ሲባል ማለታቸው ነው። «ለብቻ? አደባባዩ መሃል ነበርን! በቀኝ ዳቦ ጋጋሪው፣ በግራ ጫማ ሰፊው፣ ግድግዳችን አንድ! አባቴ ሲያስነጥስ ዳቦ ጋጋሪው ከወዲያ ሆኖ ይማርህ ይለው ነበር።»

የሳልኩትን ቀድጄ በአዲስ ወረቀት ጀመርኩ። ያን ቀን ሳያርፉ፣ ቤት በቤት፣ በር በበር አስጻፉኝ። አንድም ሰው አልዘለሉም። እንዲህ ያለ ጽናት በዕድሜዬ አላየሁም።

ፖስታውን ላሽግ ስል እጄን ያዙኝ።

«አንድ ነገር ቀረ» አሉ። «በወሰዷቸው ቀንም ግድግዳው ስስ እንደነበር ጻፊ።»