ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ጀርባ

በእኛ ጤና ጣቢያ ሰው ሲዛወር ሽኝቱን የሚያህል የለም። በግ ይታረዳል፣ ጋቢ ይገዛል፣ ተሸኚው ፎቶ ሲነሣ ይውላል። የሕክምና መሣሪያዎቻችንን የሚጠግነው ባልደረባችን ወደ ካማሺ ሲዛወርም እንደዚያው አደረግን። ጋቢውን ሲያለብሱት አልቅሻለሁ፤ ሰውየውን እወደው ነበር።

እሱ በሄደ ሰሞን፣ ከአሶሳ ወጣ ካለ መንደር አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ታቅፋ እየሮጠች ገባች።

"ሲስተር፣ ልጅ ትንፋሽ የለም! እይልኝ!"

የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በርታ ነው፤ አማርኛው ከድንጋጤዋ ጋር አልወጣ ብሏታል። ሕፃኗን የሳንባ ምች ይዟታል። ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። አምቡላንሱ ምጥ የጠናባትን ሴት ይዞ ሄዷል። ግዴለም፣ የኦክስጅን ማሽን አለን ብዬ ሰካሁና አበራሁት።

ዝም። ሌላኛው ሶኬት ላይ ሰካሁት፤ አሁንም ዝም። የክፍሉ አምፖል ቦግ ብሎ እየበራ ማሽኑ ድምፅ የለውም! እሱ እያለ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም። ጮኼ እርዳታ ጠራሁ። ኃላፊያችን ሮጠው መጡ፤ ማሽኑን ነካኩት፣ ገለበጡት፣ ከዚያ እርስ በርስ ተያየን። እንዴት እንደሚያስነሣው ለካ ማናችንም አናውቅም! በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእኛ ነው።

የካማሺ ኔትወርክ እንደ ልቡ ነው። ደጋግሜ ደወልኩለት። እናትየው የልጇን እግር እያሻሸች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። በመጨረሻ ስልኩን አነሣ።

"ማሽኑ ደህና ነው" አለኝ። "ኃይል ሲጨምር እንዳያቃጥለው የሶኬቶቹን መስመር ለብቻ ለይቼዋለሁ። ሥራ ሲያልቅ አጠፋው ነበር፤ ስሄድም አጥፍቼው ነው። ከመድኃኒት ቁም ሳጥኑ ጀርባ ማብሪያ አለ፤ ወደ ላይ አድርጉት።"

ኃላፊያችን ቁም ሳጥኑን ገፍተው እጃቸውን ሰደዱ። ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ቱቦውን አፍንጫዋ ላይ አደረግኩላት። ቆይቶ ከንፈሯ ቀላ፤ አለቀሰችም። እናትየው "አልሐምዱሊላህ" ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። ጮህኩበት፦ "ይህን ሳትነግረን እንዴት ትሄዳለህ?"

እሱም መለሰልኝ፦

"በሽኝቱ ቀን ተነሥቼ 'ኑ፣ ስለ ማሽኑ አንድ ነገር ላሳያችሁ' ስል፣ 'ዛሬ የሥራ ወሬ የለም፣ ቁጭ በልና ብላ' ብላችሁኝ የለም?"

ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር፤ ሁላችንም ሰማነው።